ካርቶን፣ ብርድ ልብስና ዲዲ 214፦ ጡረተኞች ለወታደርና ለጎረቤት የሚሠሩት ሥራ

በአሜሪካ 55 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ተብለው የተሠሩ የጡረተኞች መንደሮች አሉ። የ1995ቱ ሕግ በእንዲህ ዓይነት መንደር ካሉት ቤቶች ቢያንስ በ80 በመቶው ውስጥ 55 የሞላው አንድ ነዋሪ እንዲኖር ያዛል። ከሁሉ ስመ ጥር የሆነው መካከለኛው ፍሎሪዳ ውስጥ ያለው ዘ ቪሌጅስ ነው፤ ነዋሪው ገበያም ሐኪም ቤትም በጎልፍ መኪና የሚመላለስበት። እንዲህ ባለ መንደር ጊዜ አለ፣ አዳራሽ አለ፣ የስፌት መኪና ያላቸው ሴቶችና ወንዶች አሉ፣ ቬትናም ወይም ኮሪያ የዘመተ ጎረቤትም አይጠፋም። ከዚህ የሚወጣው የበጎ ፈቃድ ሥራ ብዙ መልክ አለው። በጦር ግንባርና በውጭ አገር ሠፈር ላለ ወታደር ካርቶን ይላካል፣ ለቀድሞ ወታደሮች ብርድ ልብስ ይሰፋል፣ የጠፋ የአገልግሎት ማብቂያ ወረቀት (ዲዲ 214) ይፈለጋል፣ ለታመመ ጎረቤት ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበር በውሰት ይሰጣል።

ይህ ለኛ ሰው ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በነዚህ መንደሮች አረጋውያንን የሚንከባከቡ፣ መድኃኒት የሚያቀብሉ፣ መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ልጁ የአሜሪካ ጦር ውስጥ የገባበትም ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ሥራው እንዴት እንደሚሠራና የት የት ላይ እንደሚበላሽ ማወቅ ይጠቅማል። ከዚህ ሥራ የሚባክነው አብዛኛው ነገር በልግስና ማነስ አይደለም የሚባክነው፤ ተቀባዩን ባለመጠየቅና ደንቡን ባለማየት ነው።

ከካርቶኑ እንጀምር። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ስም ነው። ድሮ «ለማንኛውም ወታደር» ብሎ መላክ ይቻል ነበር፤ በ2001 ገዳይ የአንትራክስ ተሕዋስ ያለባቸው ደብዳቤዎች ከተላኩ በኋላ ያ ቀርቷል። አሁን ጥቅል የሚላከው ስሙ፣ ማዕረጉ፣ ክፍሉና የወታደራዊ ፖስታ አድራሻው ለታወቀ ሰው ነው። ስለዚህ በመንደሩ አዳራሽ መግቢያ ላይ ቅጽ ይቀመጣል፤ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ የዘመተበት ነዋሪ አድራሻውን፣ የሚመለስበትን ግምታዊ ወርና የሚፈልገውን ነገር ይሞላል። የመመለሻው ወር የግድ ነው። ከመመለሱ አንድ ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ መላክ ካልቆመ ካርቶኑ ባዶ ሠፈር ይደርስና ዞሮ ይመጣል፣ ያውም ከመጣ።

አድራሻው ላይ የከተማ ስም በሚጻፍበት ቦታ ኤፒኦ (ለምድር ጦርና ለአየር ኃይል) ወይም ኤፍፒኦ (ለባሕር ኃይል) ይጻፋል። በግዛት ቦታ ለአውሮፓ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአፍሪካ ኤኢ፣ ለፓሲፊክ አካባቢ ኤፒ፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ላለው የአሜሪካ አህጉር ኤኤ ይገባል። ዚፕ ኮዱ ለኤኢ በ09፣ ለኤፒ በ96፣ ለኤኤ በ340 ይጀምራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደግነት ይሁን ብሎ «ኩዌት» ወይም «ጀርመን» ብሎ ይጨምራል። ያ ስህተት ነው፤ የአገር ስም ሲያይ ፖስታው ወደ ሲቪሉ የውጭ አገር መልእክት መስመር ሊገባ ይችላል፣ ወታደሩ ያለበትንም ቦታ ይናገራል።

ፖስታ ቤቱ ለወታደራዊ አድራሻ የሚሆን ትልቅ ባለ አንድ ዋጋ ካርቶን በነፃ ይሰጣል። ውስጡ 12 በ12 በ5 ተኩል ኢንች ነው፤ እስከ 70 ፓውንድ ቢመዝንም ዋጋው አይለወጥም፣ ከተራው ትልቅ ካርቶንም ይረክሳል። ስለዚህ ከባድና ትንሽ ነገር ለሚልክ ይህ ይሻላል፤ ካልሲና ቺፕስ ብቻ ለሚልክ ግን ሌላ ካርቶን በክብደት ቢመዘን ሊረክስ ይችላል። ዋጋው እንደ አገር ውስጥ መልእክት ቢሆንም የጉምሩክ ቅጽ ይጠየቃል። ቅጹ 2976 አር ይባላል፤ ሞልተው ለፖስታ ቤት ሠራተኛው ሲሰጡት እሱ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባዋል። 20 ካርቶን ይዞ ያለ ማስታወቂያ ከመስኮቱ ፊት የሚቆም ቡድን የሠራተኛውንም የተሰላፊውንም ቀን ያበላሻል፤ አስቀድሞ ደውሎ ሰው የማይበዛበትን ሰዓት መጠየቅ ወይም ቅጹን በኢንተርኔት ሞልቶ አትሞ መሄድ ይሻላል።

ቅጹ ላይ «ስጦታ»፣ «ምግብ»፣ «የተለያዩ ዕቃዎች» ብሎ መጻፍ አያስኬድም። ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ ነው የሚፈለገው፦ «የኦቾሎኒ ብስኩት፣ 6 ፓኬት፣ 9 ዶላር» እንደማለት። ስለዚህ አዋቂ ቡድን በየካርቶኑ ውስጥ የሚገባውን አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ጠረጴዛዎች በተራ ይደረደራሉ፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ይሆናል፣ ካርቶን የያዘው ሰው እየዞረ ይለቅማል። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ብቻ እየቆጠረ ዝርዝሩን ያረጋግጣል። አንድ ሰው ከኪሱ ቸኮሌት ጣል ቢያደርግበት ቅጹና ካርቶኑ አይገናኙም።

ምን ይግባ? ነጠላ ነጠላ የታሸገ ቡና፣ ውኃ ውስጥ የሚበጠበጥ የፍራፍሬ ዱቄት፣ ለውዝ፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ የእግር ዱቄት፣ የከንፈር ቅባት፣ ወፍራም ካልሲ። ካልሲው ጥቁር፣ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ይሁን፤ ነጭ ካልሲ ከውጊያ ልብስ ጋር አይለበስም። ቸኮሌት ከኖቬምበር እስከ ማርች ካልሆነ ለሞቃት አገር አይላክም። ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ከምግብ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ከገቡ ብስኩቱ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ሁለት ዚፕሎክ ከረጢት እንኳ ለረጅም ጉዞ አይበቃውም፣ የተለየ ካርቶን ነው መፍትሔው። ሜንታ ከረሜላም እንደዚያው አጠገቡ ያለውን ሜንታ ሜንታ ያሰኘዋል። ፈሳሽ ነገር ክዳኑ በቴፕ ይታሰርና ከረጢት ውስጥ ይገባል።

የማይላኩትን ማወቅ ይበልጣል። በግፊት የሚረጭ ጣሳ፣ ሽቶ፣ የጥፍር ቀለም፣ አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ፣ ልቅ የሊቲየም ባትሪ፣ መጠጥ። ሙስሊም ወደሆኑ አገሮች ደግሞ የአሳማ ሥጋና በብዛት የታተመ የሌላ ሃይማኖት ጽሑፍ አይገባም። እያንዳንዱ ወታደራዊ ዚፕ ኮድ የራሱ ክልከላ ስላለው ፖስታ ቤቱ የሚያወጣውን ዝርዝር ሁልጊዜ ማየት ያስፈልጋል።

የኛ ሰው ለልጁ ሲልክ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ምርጥ ናቸው፤ ደረቅ ናቸው፣ አይፈርሱም፣ ሙቀት አይፈሩም። ቋንጣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሥጋ የሚከለክሉ ዚፕ ኮዶች አሉ፣ በቤት የደረቀ ሥጋ ደግሞ ምን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ የለውም። በርበሬና በሶም ምልክት በሌለው ላስቲክ ተቋጥሮ ሲታይ ያጠራጥራል። ከሱቅ የተገዛ፣ ስሙ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ማሸጊያ ይሁን። በቤት የተጋገረ ነገር ከእናት ለልጅ ሲሆን ችግር የለውም፤ ከማያውቁት ቡድን ለማያውቁት ወታደር ሲመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ይጣላል፣ መጣሉም ትክክል ነው።

ለገና እንዲደርስ የሚፈለግ ካርቶን ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ሳይሆን ኖቬምበር ሲገባ መዘጋጀት አለበት። ፖስታ ቤቱ ለየአካባቢው የመጨረሻ ቀን ያወጣል። ቡድኖች በዚያ ሰሞን ይንጋጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ማንም አይልክም። ለወታደሩ ግን ከገናው ክምር ይልቅ የፌብሩዋሪው አንድ ካርቶን ሳይሻል አይቀርም።

ከስፌቱ ክፍል የሚወጡ ትናንሽ ነገሮችም አሉ። አንዱ የአንገት ማቀዝቀዣ ጨርቅ ነው። ወደ 4 ኢንች ስፋትና 40 ኢንች ያህል ርዝመት ያለው ንጹሕ ጥጥ ይታጠፍና ይሰፋል፣ መሃሉ ላይ ውኃ የሚመጥ የፖሊመር ፍሬ ይገባል። መጠኑ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ቢበዛ አንድ ተኩል። ሲያዩት ጥቂት ስለሚመስል ሰው ይጨምርበታል፤ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ያብጥና ስፌቱን ይቀደዋል። ፖሊስተር ጨርቅ አይሆንም፣ ምክንያቱም የሚያቀዘቅዘው ውኃው በጨርቁ ውስጥ ሲተን ነው። ለዚህም ነው በደረቅ በረሃ ተአምር የሚሠራው ጨርቅ እርጥበት በበዛበት የባሕር ዳርቻ ብዙ የማይረዳው። የተረፈውን ያበጠ ፍሬ ቧንቧ ውስጥ መድፋት ቧንቧውን ይደፍናል። ሌላው ከፓራኮርድ፣ ማለትም ከቀጭን የፓራሹት ገመድ የሚሠራ አምባር ነው፤ ለእጅ አንጓ እያንዳንዱ ኢንች አንድ ጫማ ያህል ገመድ ይገመታል፣ ጫፉ በእሳት ቀልጦ ይዘጋል፣ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ይመረጣል። ቀላልና ለእጅም ጥሩ ሥራ ነው፤ ሪህ ለያዛቸው ጣቶች ግን አይመከርም።

ብርድ ልብሱ ሌላ ደረጃ ነው። ኩዊልትስ ኦፍ ቫለር የሚባለውን ድርጅት በ2003 የመሠረተችው ካትሪን ሮበርትስ ናት፤ ልጇ ኢራቅ ዘምቶ ሳለ። እስካሁን ከ300 ሺህ በላይ ብርድ ልብሶች ለአገልጋዮችና ለቀድሞ ወታደሮች ተሰጥተዋል። ደንቡ ጥብቅ ነው፦ ከ55 በ65 ኢንች አያንስም፣ ከ72 በ90 አይበልጥም፣ የሚመረጠው 60 በ80 ነው። ሦስት ሽፋን አለው፤ ከላይ የተገጣጠመ ጨርቅ፣ ከመሃል ሙቀት የሚይዝ ንጣፍ፣ ከታች ገበር። ሦስቱ እዚህም እዚያም በክር ቋጠሮ ተያይዘው አይበቃም፤ ሙሉውን በስፌት መያያዝ አለባቸው፣ አለዚያ ንጣፉ ከጥቂት እጥበት በኋላ ጥግ ላይ ይከማቻል። ጀርባው ላይ የሰፊውና የተቀባዩ ስም ያለበት ምልክት ይሰፋል።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የስፌቱ ጠርዝ ነው። ሩብ ኢንች መሆን ሲገባው እያንዳንዱ ሰፊ በራሱ ዓይን ከለካ፣ ከ8 ሰዎች የመጡ ቁርጥራጮች ሲገጣጠሙ አይገናኙም። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም አንድ ናሙና ሰፍቶ በማስመሪያ ይለካል። ሁለተኛው ቀይ ቀለም ነው። የአሜሪካ ባንዲራ ቀለሞች ስለሚመረጡ ቀይና ነጭ ጎን ለጎን ይሰፋሉ፤ ቀዩ አስቀድሞ ካልታጠበ ነጩን ሮዝ ያደርገዋል። ብርድ ልብሱ ከመሰጠቱ በፊት የሚታጠበውም ይህ በተቀባዩ ቤት እንዳይሆን ነው።

የቀድሞ ወታደሮችን በዋሽንግተን ያሉትን የጦርነት መታሰቢያዎች ሊያሳይ የሚወስደውን በረራ ደግሞ በአጭሩ። ኦነር ፍላይት በ2005 በኦሃዮ ግዛት በኧርል ሞርስ ተጀመረ፤ በዋሽንግተን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ በ2004 ተከፍቶ ሳለ ሊያዩት የማይችሉ አረጋውያን ነበሩና። በመጀመሪያው ጉዞ 12 ሰዎች በ6 ትናንሽ አውሮፕላኖች ሄዱ። ዘ ቪሌጅስም የራሱ ቡድን አለው። የቀድሞ ወታደሩ አይከፍልም፣ አጃቢው ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ይከፍላል። ሚስት ወይም ባል አጃቢ አይሆኑም፤ ቀኑ ረጅም ነው፣ ወንበር መግፋትና ሰው ማንሳት አለበት። ቅድሚያ የሚያገኙት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾችና ሕመማቸው የጠናባቸው ናቸው፣ ቀጥሎ ኮሪያ፣ ከዚያ ቬትናም። ማመልከቻ ላይ የጤናውን ክፍል ማሳመር ትልቁ ጥፋት ነው። ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ቀድሞ ካልተናገረ አውሮፕላኑ ላይ አይዘጋጅለትም።

ከሁሉ የከበደው ሥራ ግን ወረቀቱ ነው፤ ብዙ ጊዜና ብዙ ሰው ሊሰጠው የሚገባውም እሱ ይመስለናል። ካርቶን ለአንድ ወር ያስደስታል፤ የተገኘ ወረቀት ግን አንዲት መበለት ቤቷ ውስጥ ተንከባካቢ ቀጥራ እንድትቆይ ሊያደርግ ይችላል። የሁሉም ቁልፍ ዲዲ 214 የሚባለው የአገልግሎት ማብቂያ ወረቀት ነው። ከ1950 ጀምሮ የተሰጠ ነው፤ ከዚያ በፊት ሌላ ቅጽ ነበር። ብዙ ቅጂ አለው፤ የሚያስፈልገው የስንብቱን ዓይነት የሚያሳየው ነው፣ ለምሳሌ አራተኛው የአባል ቅጂ። አጭሩ ቅጂ ይህ ስለሌለበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ወረቀቱ ከጠፋ የሚጠየቀው ሴንት ሉዊስ ያለው የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ነው፤ በቅጽ 180 ወይም በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ። እዚህ ላይ ግን ጁላይ 12 ቀን 1973 የተነሣው ቃጠሎ ይመጣል። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ መዝገቦች ወድመዋል። ከኖቬምበር 1912 እስከ ጃንዋሪ 1960 የተሰናበቱ የምድር ጦር አባላት መዝገብ 80 በመቶ ያህሉ፣ ከሴፕቴምበር 1947 እስከ ጃንዋሪ 1964 ከተሰናበቱት የአየር ኃይል ሰዎች ደግሞ ከሐባርድ ጄምስ ኢ. በኋላ በፊደል ተራ ከሚመጡት 75 በመቶ ያህሉ ተቃጥሏል። ማለት በምድር ጦር ውስጥ የነበረ የኮሪያ ዘማች አብዛኛው በዚህ ውስጥ ነው። ቃኘው ሻለቃ በኮሪያ አብሮ የተዋጋው ከ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ስለነበር፣ በየመንደሩ ካሉ የዘጠና ዓመት ሽማግሌዎች ኢትዮጵያውያንን ከዚያ የሚያስታውስ ሊገኝ ይችላል፤ የሱም ወረቀት ከተቃጠሉት ወገን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ተቃጥሏል ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። መዝገቡን ከሌላ ምንጭ ለመገንባት ቅጽ 13055 ይሞላል፤ ክፍሉ፣ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ የታከመበት ሆስፒታል ይጻፍበታል። የደመወዝ መዝገብና የየጠዋቱ የክፍል ሪፖርት ከቃጠሎው የተረፉ ናቸው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ወታደሩ ሲመለስ የኖረበት ካውንቲ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አለበት፤ በዚያ ዘመን ብዙዎች ወረቀታቸውን እዚያ አስመዝግበዋል፣ ቅጂው በዚያው ሳምንት ሊገኝ ይችላል።

ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ የበጎ ፈቃደኛው ሥራ ድንበር አለው። የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ቪኤ፣ ጥያቄ አዘጋጅቶ የማቅረብ ፈቃድ የሰጠው ለተመሰከረላቸው ወኪሎች ነው፤ የካውንቲው የቀድሞ ወታደሮች ቢሮና እንደ አሜሪካን ሌጅን ያሉ ማኅበራት በነፃ ይሠራሉ። በጎ ፈቃደኛው ወረቀት ይሰበስባል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ይነዳል፤ ጥያቄውን አይሞላም። ለመጀመሪያ ጥያቄ ዝግጅት ገንዘብ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነው። አዳራሽ ተከራይቶ «ጥቅማ ጥቅምዎን እናስገኝልዎ» እያለ የኢንሹራንስ ምርት የሚሸጥ ሰው ሲመጣ ነዋሪው ይህን ማወቅ አለበት። ከ2018 ወዲህ ቪኤ ጡረታ የሚጠይቅ ሰው ባለፉት 3 ዓመታት ንብረት አስተላልፎ እንደሆነ ያያል፤ «ለልጆችዎ ያስተላልፉና ያመልክቱ» የሚለው ምክር ሰውየውን ሊያስቀጣ ይችላል።

ሁለት ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። አንደኛው፣ ለእንክብካቤ የሚጨመረው ጡረታ ግንባር የቆመ ብቻ የሚያገኘው አይደለም። ቢያንስ አንዱ ቀን በጦርነት ዘመን ውስጥ የዋለ የ90 ቀን አገልግሎት ለኮሪያና ለቬትናም ዘመን ሰዎች ይበቃል፤ ቀሪው የገቢ፣ የሀብትና የጤና ጉዳይ ነው። መበለቲቱም ልትጠይቅ ትችላለች። የሐኪሙ ቅጽ 21-2680 ነው፤ ሐኪሙ «ደካማ ናት» ብሎ ቢጽፍ አይበቃም፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ መመገብ አትችልም የሚለውን አንድ በአንድ መጻፍ አለበት። ሁለተኛው በአገልግሎት ላይ ለመርዛማ ነገር የተጋለጡትን የሚመለከተው፣ በኦገስት 2022 የጸደቀው ፓክት አክት የተባለ ሕግ ነው። በቬትናም ጦርነት ከተረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ ከሚባል ቅጠል አርጋፊ መርዝ ጋር በተያያዙት ሕመሞች ዝርዝር ላይ የደም ግፊትን ጨምሯል፤ ቬትናምን ብቻ ሳይሆን ታይላንድና ጉዋምን በተወሰኑ ዓመታት አካቷል። ከዚያ በፊት ተከልክሎ ዝም ያለ ሰው እንደገና መጠየቅ ይችላል። ወረቀቱ ሁሉ እስኪሟላ መጠበቅ ግን ገንዘብ ያስቀራል፤ «ለማመልከት አስቤአለሁ» የሚለው ቅጽ 21-0966 ቀድሞ ከገባ አንድ ዓመት ጊዜ ይሰጣል፣ ክፍያውም ከዚያ ቀን ሊታሰብ ይችላል።

በነገራችን ላይ ዲዲ 214 ለቀብርም ያስፈልጋል። ቢያንስ ሁለት ወታደሮች መጥተው ባንዲራ አጥፈው ለቤተሰብ የሚያስረክቡት በዚህ ወረቀት ነው፤ ባንዲራው በቅጽ 27-2008 አብዛኛውን ጊዜ ከፖስታ ቤት ይገኛል። ወረቀቱ ባንክ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቅዳሜ ቢሞቱ ምን ይደረጋል? ስለዚህ አንድ ቅጂ ቤት ይቀመጥ። ምሽት ላይ ጭንቀት ለበዛበት የቀድሞ ወታደር ደግሞ 988 ደውሎ 1ን መጫን ነው፤ ይህ ቁጥር በየአዳራሹ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ለታመመ ጎረቤት ዕቃ የሚያውሰው ክፍል ጓዳ ይባላል እንጂ ጋራዥ ነው። ያገለገሉ ከዘራዎች፣ መራመጃዎች፣ ተሽከርካሪ ወንበሮች፣ የመታጠቢያ ወንበሮች ይሰበሰባሉ፣ ይጸዳሉ፣ በነፃ በውሰት ይሰጣሉ። መራመጃ ሲሰጥ ሰውየው ቀጥ ብሎ እጁን አውርዶ ይቁም፤ መያዣው እጅ አንጓው ላይ ይድረስ። ከዚያ ከፍ ካለ ትከሻ ወደ ላይ ይነሣል፣ ዝቅ ካለ ጀርባ ይጎብጣል። ከዘራ የሚያዘው ከደከመው እግር በተቃራኒ በኩል ነው፤ አብዛኛው ሰው በተገላቢጦሽ ይይዘዋል። የላስቲክ ጫፉ ካለቀ አይታደልም። ለተሽከርካሪ ወንበር ሁለቱ ፍሬኖች ሰው ተቀምጦበት ይሞከራሉ፣ የሚሸከመው ክብደት ይነበባል፣ የመታጠቢያ ቤቱም በር ስፋት ይለካል፤ ይህ ሳይለካ የሄደ ወንበር ኮሪደር ላይ ቀርቶ ይመለሳል። የኦክስጅን ማምረቻና የእንቅልፍ ትንፋሽ መሣሪያ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡ ስለሆኑ ቢለገሱም አይታደሉም።

ዕቃው ሳይመለስ የሚቀረው ሰው ስለሚሰርቀው አይደለም፤ ተበዳሪው ይሞታል ወይም ልጆቹ ጋ ይሄዳል፣ ቤቱን ባዶ የሚያደርገው ልጅ ደግሞ የማን እንደሆነ አያውቅም። ስልክ ቁጥር ያለበት ምልክት እጀታው ላይ ይታሰራል፣ በወር አንዴም ይደወላል። ያው ስልክ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ደዋዩ መድኃኒት ተቀይሮ እንደሆነ ይጠይቅና ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለው የመድኃኒት ዝርዝር ቀኑ እንዲታደስ ያደርጋል። የቆየ ዝርዝር ለአምቡላንስ ሰዎች ከባዶ ወረቀት የባሰ ነው። በፍሎሪዳ የዐውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ፣ በሜይ ወር የሚደረገው ጥሪ አንድ ጥያቄ ይጨመርበታል፦ ቤት ውስጥ በመብራት የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ አለ ወይ? ያለው ሰው ልዩ እርዳታ ለሚፈልጉ ነዋሪዎች በካውንቲው የተዘጋጀው መዝገብ ላይ ዐውሎው ሳይመጣ ይመዘገባል፤ ነፋሱ ከተነሣ በኋላ ለመመዝገብ መሞከር ስልክ ይዞ መጠበቅ ብቻ ነው የሚሆነው።